ይግዛው ሽማግሌ በፖርቱጋል መጠጥ የተቀበለ ዕለት

ይግዛው የደባርቅ ሰው ነው። ሥራው ሰሜን ተራራ ለሚወጡ ቱሪስቶች ማብሰል ነው፤ ሳንቃበር ላይ ሾርባ፣ ጊች ላይ መኮሮኒ፣ ጨነቅ ላይ ደግሞ የተረፈው ሾርባ ከተረፈው መኮሮኒ ጋር። ፈረንጅ ደክሞት ስለሚበላ ሁሉንም ያመሰግናል። ይግዛው ይህን ምስጋና እንደ ዲፕሎማ ቆጥሮት ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ሰፊው ሕዝብ ሽሮውን ሲበላ እሱ ስለ «ሶስ» ያስተምራል። የንዑስ ከበርቴ በሽታ ከወጥ ቤትም ይነሣል።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ሲል ፊሎሜና የምትባል ፖርቱጋላዊት ከባሏ ጋር መጣች። በእኛ አገር ፖርቱጋል የሚታወቀው በድልድይ ነው፤ ሠሪው የተረሳ ያረጀ ድልድይ ሁሉ «የፖርቱጋል» ይባላል፣ የአገሩ ግንበኛ እጁን አጣጥፎ የኖረ ይመስል። ፖርቱጋል እንደሚጠጣም ይግዛው የሰማው ያን ጊዜ ነው። ሴትዮዋ ስትሰናበተው ሦስት ነገር ሰጠችው፦ ፖርቶ የሚሉትን ጣፋጭ የወይን ጠጅ፣ በስኳርና በአረቄ የተዘፈዘፈ ቀይ ፍሬ ያለበትን ጂንጃ የሚሉትን ጠርሙስ፣ አልኮል ለማይጠጣ ሰው ደግሞ እንደ ቡና የሚፈላ የተቆላና የተፈጨ ገብስ በቆርቆሮ። ገብስ አብቃይ ወደሆነው ጊች ገብስ ተሸክሞ መምጣት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለ ጂንጃው «ለክብር እንግዳ ከነፍሬው ነው የሚቀዳው» አለችው። ይግዛው ፖርቶውን ለሙከራ ብሎ ብቻውን ጨረሰው፤ የቀረውን ለትልቅ ቀን አስቀመጠ።

ትልቁ ቀን መጣ። ልጁ እየሩስ ዳባት ከሚያስተምረው ከእንዳለው ጋር ተዋድዳለች፤ የእንዳለው ቤተሰብም ሽማግሌ ላከ። አፈ ጉባኤው የዳባቱ አለቃ ወልደ ሩፋኤል ናቸው፤ አብረዋቸው የደባርቁ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ዘከሪያ አሉ። እየሩስ ጓዳ ሆና የመጋረጃውን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ታዳምጣለች። እንዳለውን ካላገባች ሌላ እንደማታገባ ለእናቷ ለበለጠች ተናግራለች።

በለጠች «ጠላው ደርሷል» ብትለው ባሏ አልሰማም። «ጠላ የትም አለ። ዛሬ የፖርቱጋል ነው።»

«ልጃችንን የሚጠይቀው ዳባት ነው ወይስ ፖርቱጋል?»

መጀመሪያ ለሐጂ ጥቁር ትኩስ ነገር በብርጭቆ ቀረበላቸው።

«ቡና ነው?»

«አይደለም ሐጂ፣ ገብስ ነው። አልኮል የለበትም፤ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ገብሱንስ ዐወቅሁት። ምን በድሎህ አቃጠልከው?»

ቤቱ ሣቀ። አለቃ ጉዳያቸውን በወጉ ተናገሩ፤ «ልጅህን ለልጃችን ብለን ከደጅህ ቆመናል» አሉ። ወጉ «ከዘመድ ልምከርበት» ማለት ነበር። ይግዛው ግን ጂንጃውን አንሥቶ ለአለቃ በመለኪያ ቀዳ፤ ፍሬውንም በማንኪያ እየለቀመ ጨመረበት።

«የኔ መልስ ይኸው አለቃ። ይቅመሱት፣ ይገባዎታል።»

እንደ መጠጡ ጣፋጭ ነው ማለቱ ነበር።

አለቃ መለኪያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት። ቀይ ድብልብል ፍሬ ከሥር ተኝቷል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ፍሬ ተዘፍዝፎ ሲሰጥ ያው እንቆቆ ነው፤ የሆድ ትል የሚያስወጣው መድኃኒት። ጥሬ ሥጋ ወዳዱ ሁሉ ይጠጣዋል፣ ግን በማለዳ፣ በር ዘግቶ፣ ለጎረቤት ሳያወራ። ለእንግዳ ማቅረብ «ትላም ነህ፣ መጀመሪያ ሆድህን አጽዳ» ማለት ነው። ለሽማግሌ ማቅረብ ምን እንደሚባል አይታወቅም፤ ከይግዛው በፊት የደፈረው የለም።

አለቃ ሳይቀምሱ አስቀመጡት። «ገብቶናል። እግዜር ይስጥልን» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ሐጂም ምኑም ሳይገባቸው ተከተሏቸው።

«ሰማሽ በለጠች? ገብቶናል አሉ!»

«ሳይቀምሱ ምኑ ገባቸው?»

«ክብሩ ከብዷቸው ነው እንጂ!»

ከዚያ ወዲያ ከዳባት ድምፅ ጠፋ። ይግዛው ለሠርጉ በሬ ይጠያይቃል፤ እየሩስ ትከሳለች። በመጨረሻ እንዳለው ራሱ በሚኒባስ መጥቶ መንገድ ላይ ያዛት።

«ካልፈለጋችሁኝ በሰው ወግ አይነገርም ነበር?»

«ማን አልፈለገህም?»

«አባትሽ! ዘር ማንዘሬን ትላም ብሎ!»

እሷ ምን እንደሚያወራ አልገባትም፤ እሱም ለምን እንዳልገባት አልገባውም። እንቆቆ የሚለው ስም ሲወጣ ነው እየሩስ አፏን በነጠላዋ የያዘችው። በማግሥቱ ዳባት ወርዳ ለአለቃ ነገረቻቸው።

«የፈረንጅ ፍሬ ነው አባቴ፤ ለደስታቸው ነው የሚጠጡት።»

«አረቄ ውስጥ ፍሬ ለደስታ? ተይ ልጄ። ደግሞም አስቢው፤ እንቆቆ ከሆነ አባትሽ አጥፍቷል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ ይታረቃል። እንቆቆ ካልሆነ ግን ምኑን ይቅር እንለዋለን? ይቅር ሳንለውስ እንዴት እንመለሳለን?»

ታሪክን የሚያንቀሳቅሰው የመደብ ትግል ነው ያለው በራሪ ወረቀት ሁሉ ዳባት ሲደርስ እዚህ ላይ ይቀደዳል። እየሩስ ግን ለክርክር ጊዜ አልነበራትም። ቤት ገብታ «አባዬ፣ ድንጋይ ተሸክመህ አለቃ ደጅ ትሄዳለህ» አለችው።

«ምን አድርጌ?»

«ብነግርህ ትከራከራለህ። ከተከራከርክ እኔ ቆሜ ቀረሁ።»

ይግዛው ልጁን አያት። ፊቷ ላይ አጥንቷ ወጥቷል። ሌላ አልጠየቀም።

በገበያ ቀን፣ ዳባት ሁሉ እያየው፣ እየሩስን አስከትሎ፣ ድንጋይ ጫንቃው ላይ አድርጎ አለቃ ደጅ ተንበረከከ።

«አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ።»

«ጥፋትህን ዐውቀኸዋል?» አሉ አለቃ።

ይግዛው ልጁን አያት፤ ልጁ መሬት አየች።

«እርስዎ ካወቁት ይበቃኛል አለቃ።»

አለቃ ከሐጂ ጋር ተያዩ። እንዲህ ዝቅ ያለ ሰው በዘመናቸው አላዩም። «ጣለው፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ፤ እየሩስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች።

ይግዛው ትከሻውን እያሸ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አለ።

«አሁን ምን ብዬ ነው የታረቅሁት?»

«እንኳን ደስ አለሽ በለኝ፣ አባዬ።»

«እንኳን ደስ አለሽ» አላት።