ተካፍሎ ያላለቀው ጥፋት

ጋሽ ጠና በሌሞ ወረዳ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጸብ ሲያበርዱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዘዴያቸው አንድ ነው፤ ሰው ሲያጠፋ ጥፋቱን ለጎሳው ሁሉ ያካፍሉታል። የሰው በሬ የገደለም፣ ጥርስ ያወለቀም፣ ጎተራ ያቃጠለም ቢሆን ካሳው ከየቤቱ ይዋጣል፣ የአጥፊው ስም ሳይነሳ ይቅርታ ይጠየቃል፣ እርቅ ይወርዳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» የምትለዋን ተረት ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ እኩል ነው የሚጠሯት። ፓስተሩ አንድ ቀን «ጋሽ ጠና፣ ይቺ ምዕራፏ የት ነው?» ብለው ቀልደውባቸዋል።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ባለፈው ዓመት፣ የዘመን መለወጫው የያሆዴ በዓል ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅቤ ውስጥ ፓልም ዘይት የቀላቀሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህታቸው ልጅ ምስክር ሆሳዕና ላይ የቅቤ ሱቅ አለው። ቅቤውን ከመንደሩ ሴቶች ሰብስበው፣ በኮባ ጠቅልለው፣ በጋሪ የሚልኩለት እሳቸው ናቸው። በያሆዴ ቅቤ የሌለው ቤት ቤት አይባልም፤ የቡላው ምግብ አተካና ቅቤ ውስጥ ካልዋኘ እንግዳው ራሱ ይቀየማል። ያን ዓመት ደግሞ ላሞቹ ነጥፈዋል፤ ሰው ግን ቅቤ፣ ቅቤ ይላል። ጋሽ ጠና አንድ ማለዳ ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉና የረጋውን ዘይት ከቅቤው ጋር አሹት፤ ላዩን በንጹሁ ሸፈኑት። ማንንም አላማከሩም፤ ለባለቤታቸው እንኳ አልተናገሩም። «ለበዓሉ ሰው እንዳያፍር ብዬ ነው» እያሉ ራሳቸውን አባበሉ። ትርፉም እንዳልከፋቸው እዚህ ላይ ብናነሳ ሐሜት አይሆንብንም።

ተቆጣጣሪዎች ወደ ምስክር ሱቅ ገብተው አንዱን የቅቤ ድቡልቡል በቢላ ለሁለት ሲከፍሉት መሃሉ ነጭ ሆኖ ተገኘ። ናሙናው ተመረመረ። ምስክርም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ በመሸጥ ወንጀል ተከሰሰ። በዋስ ቢወጣም እስራት ተደቅኖበታል፤ ሱቁ ታሽጓል፣ ሚስቱ ሐዳሳ ነፍሰ ጡር ናት።

ጎሳው ተሰበሰበ። ማን ቀላቀለው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በጋሽ ጠና ሸንጎ ነውር ነው። «ጥፋቱ የሁላችን ነው» ብለው እሳቸው ራሳቸው ፈረዱ። አርባ ሰው «ይሁን!» አለ። ጋሽ ጠና ያን ቀን ቀለላቸው። ለአርባ የተካፈለ ጥፋት ለእሳቸው ምን ይደርሳቸዋል? ጣት ላይ የቀረች ቅቤ ብትሆን ነው።

በቀጠሮው ቀን አርባውም ሰው ለካሳ የተዋጣ አንድ ሰንጋ እየነዳ ሆሳዕና ፍርድ ቤት ደረሰ። ሰንጋውን ዘበኛው በር ላይ አስቀረው፤ ከሰዎቹ ችሎቱ የቻለውን ያህል ገባ። ዳኛዋ ማኅሌት ትባላለች፤ ዕድሜዋ ከጋሽ ጠና የመጨረሻ ልጅ አይበልጥም። «እቺ ናት እንዴ?» አሉ በሆዳቸው።

ክሱ ተነበበ። «ድርጊቱን ፈጽመሃል?» ስትል ዳኛዋ ምስክርን ጠየቀችው።

«አዎ፣ ክብርት ዳኛ። ጎሳችን ጥፋቱን ተቀብሏል። ካሳም አምጥተናል፤ ውጭ ታስሯል።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ዳኛዋ አልሳቀችም።

«ዐቃቤ ሕግ ጎሳህን አልከሰሰም፤ የምጠይቀው አንተን ነው። ቅቤው ውስጥ ዘይት እንዳለ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«አንተ ነህ የቀላቀልከው?»

«ኧረ በጌታ! አልቀላቀልኩም።»

«ታዲያ ያልሠራኸውን፣ ያላወቅኸውን ለምን ታምናለህ?»

ምስክር ዞሮ አጎቱን አየ። «ሽማግሌዎች ስላመኑ ነዋ።»

«ሽማግሌዎቹ ይከበሩልኝ» አለች ዳኛዋ። «ወንጀል ግን አይዋጣም፤ የሠራው ሰው ነው የሚጠየቅበት። እሱም ቢሆን እጁ ብቻ ሳይሆን ሐሳቡም ይታያል፤ አውቆ ያደረገና ሳያውቅ የተገኘበት እኩል አይደሉም። ዐቃቤ ሕግ እስኪያስረዳብህ ድረስ ደግሞ አንተ ንጹሕ ሰው ነህ።» ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞር ብላ «ክዶ ተከራክሯል ተብሎ ይመዝገብ» አለች።

ጋሽ ጠና የራሳቸውን ሸንጎ አሰቡ። ሠላሳ ዓመት ሲያስታርቁ «አጠፋሁ» ያላቸውን ሁሉ በእልልታ ነው የተቀበሉት፤ አንድ ቀን «በእውነት አንተ ነህ?» ብለው መልሰው ጠይቀው አያውቁም። ይህቺ ልጅ ግን ጥፋቱን በሁለት እጃቸው ቢያቀብሏት ያንተ ካልሆነ አልወስድም አለች! አርባ ሰው፣ አንድ ሰንጋ፣ ያ ሁሉ ሽበት ደጇ ተሰልፎ፣ እሷ የምትፈልገው በአንድ ሰው ልብ ውስጥ የነበረውን ነው። ልብ ማየት የእግዜር ሥራ ብቻ ይመስላቸው ነበር። ፈሩ፤ ከፍርሃቱ ግን መደነቁ በለጠባቸው። ወዲያው ያ የተካፈለው ጥፋት ከየሰዉ ትከሻ እየተነሳ፣ ተመልሶ እሳቸው ላይ ሲከመር ተሰማቸው።

ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ልጄ… ክብርት ዳኛ፣ እኔ የማውቀው ነገር አለ።»

«ይቆዩ፣ አባቴ» አለች ፈጠን ብላ። «ነገሩ እርስዎን ራስዎን የሚያስጠይቅ ከሆነ የመናገር ግዴታ የለብዎትም። የሚሉት ሁሉ ማስረጃ ሊሆንብዎት ይችላል። መጀመሪያ ጠበቃ ያማክሩ፤ ማንም አያስገድድዎትም።»

አሁን ዕንባቸው መጣ። ጥፋቱን ሊናገር የተነሳን ሰው «ቀስ በል፣ ለራስህ እወቅ» የሚል ሸንጎ አለ ብሎ ማን ነግሯቸው ያውቃል? እሳቸው ለእህታቸው ልጅ እንዲህ አልተጠነቀቁለትም። አርባ ሰው አስከትለው የመጡት ለካ ንጹሑን ልጅ ሊያሳስሩት ኖሯል።

ችሎቱ ለሌላ ቀን ተቀጥሮ ሲወጡ ጎሳው ከበባቸው። አብሮ አደጋቸው ዕንባቆም ክንዳቸውን ያዛቸው። «ጠና፣ ምንም እንዳትናገር። ተካፍለነዋል እኮ!»

«ያካፈልኳችሁ የራሴን ነው» አሉ ጋሽ ጠና። «መልሱልኝ።»

ከዚያ ወደ ምስክር ዞሩ። «ዘይቱን ያሸሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ። አውቄ ነው።»

ሰንጋው ወደ ሌሞ እንዲመለስ፣ ጠበቃም እንዲጠራላቸው አዘዙና ወደ ፖሊስ ጣቢያው አመሩ። ጎሳው እንደ ልማዱ ከኋላ ተከተለ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ደነገጠ።

«አባባ፣ ስንት ሆናችሁ ነው የመጣችሁት?»

ጋሽ ጠና ዞር ብለው አዩና «እነሱ ሸኚዎች ናቸው» አሉት። «የምገባው እኔ ብቻ ነኝ።»