ሲነጋ የሚተኛው ዲያቆንና ቅባቱ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ለጠብ ነው። እህቴ ጥሩወርቅ ከደብረ ኤልያስ ደውላ፣ «ያሳዘዝክለት ቅባት የልጄን ፊት ላጠው» አለችኝ። ልጇ ዲያቆን ይበልጣል ከጥምቀት በኋላ ሊያገባ ነው። ለብጉሩ ደብረ ማርቆስ ካለ የቆዳ ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት፣ ሬቲኖይድ የሚባለው ቅባት በማዘዣ ሲሰጠውም አጠገቡ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አሁን የሙሽራዋ አባት ፊቱን አይተው፣ «ደዌ ቢሆንስ? ሠርጉ ይቆይ» ብለዋል። ለሐኪሙ የምወረውረውን ዘለፋ መንገድ ላይ ማሳመር ጀመርኩ።

ደጀን፣ ቀትር

ዓባይ በረሃ ውስጥ አውቶቡሱ ምድጃ ሆኖ ነበር። ደጀን ስንወጣ ብርዱ ኮቴን አስለበሰኝ። በሠላሳ ብር የጾም ሽሮ በላሁ። ታኅሣሥ ነው፤ ሰማዩ ላይ መሐረብ የምታክል ደመና የለችም። ቄሱም ነጋዴውም ግን ጃንጥላ ዘርግቶ ይሄዳል።

«አባ፣ ዝናቡ የት አለ?» አልኳቸው አጠገቤ የተቀመጡትን ቄስ።

«ለፀሐዩ ነው እንጂ! ንፋሱ ቀዘቀዘ ብለህ ተዘናጋ፤ ማታ ፊትህን ትጠይቀዋለህ።»

ሳቅሁ። ብዙ ያነበበ ሰው በብርድ ፀሐይ አይፈራም።

ደብረ ኤልያስ፣ በማግስቱ

ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ አቧራ እየቃምን ደረስን። ይበልጣል አውድማ ላይ በሬ እየነዳ ጤፍ ያበራያል። ጉንጩ በርበሬ መስሏል፤ አፍንጫው እንደ ተቀቀለ ድንች ይላጣል።

«ጋሼ፣ ይኼን ፊት ለማየት ነው ይኼን ሁሉ መንገድ የመጡት?»

«መቼ ነው የምትቀባው?»

«ሐኪሙ እንዳለው፤ ስተኛ።»

«ስንት ሰዓት ትተኛለህ?»

«ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሰዓታት እቆማለሁ። ሲነጋ ተመልሼ፣ ተቀብቼ ጋደም እላለሁ። ፀሐዩ ሲሞቅ ወደ አውድማ።»

«ሠርጉ ደረሰ፣ ደህና አድርገህ ተቀባ ያልኩትም እኔ ነኝ» አለች ጥሩወርቅ። «እንደ ቅቤ ነው የሚመርገው።»

ዘለፋዬ አፌ ውስጥ ቀረ። ሐኪሙ «ስትተኛ» ያለው ሰው ሁሉ ማታ የሚተኛ መስሎት ነው። እኔም ያን ጊዜ ራሴን ነቅንቄያለሁ።

ደብረ ማርቆስ፣ ከሰዓት በኋላ

የፊተኛው ሐኪም አልነበረም፤ ይበልጣልን ያየችው ሌላ ወጣት ሐኪም ናት። ታሪኩን ሰምታ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«በሽታ አይደለም፤ ቃጠሎ ነው። ቅባቱ ቆዳህን ያሳሳዋል፤ የሳሳ ቆዳ ፀሐይ አይችልም። እስኪድን አቁም፤ ቫዝሊን ይበቃሃል። ከዚያ አተር የምታክል ለመላው ፊትህ፣ በሦስት ሌሊት አንዴ።»

«ሌሊት የምቆምስ?»

«የሚቆጠረው እንቅልፍህ አይደለም፤ ፀሐይ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ታጥበህ፣ ፊትህ ሲደርቅ ተቀባ፤ ብትተኛም ብትቆምም ግድ የለም። ጠዋት ታጠብና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ተቀባ፤ ውጭ ከዋልክ በየሁለት ሰዓቱ ድገመው። እሱም ብቻውን አይበቃም፤ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ያዝ። ለሙሽራህ ደግሞ እንዳታካፍላት፤ ነገ ብታረግዝ ለነፍሰ ጡር አይሆንም።»

ከዚያ በቀጥታ የሙሽራዋ አባት አቶ ማንደፍሮ ቤት ሄድን። የሐኪሟን ቃል ነገርኳቸው።

«አይተላለፍም?»

«አይተላለፍም።»

«እርግጥ አይተላለፍም?»

አትክልት የምትባለው ሙሽራ ከጓዳ ብቅ አለች። «አባባ፣ አውድማ ላይ ያረረ ሰው አይተው አያውቁም? ሙሽራ በጃንጥላ ስትከለል ኖራለች፤ ዘንድሮ እሱም ከሥሩ ይገባል። ብቻ ሰፋ ያለ ይገዛ።»

ይበልጣል ከቃጠሎው በላይ ቀላ። አቶ ማንደፍሮ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ «እንግዲያው ቀኑ እንዳለ ይሁን» አሉ።

አዲስ አበባ

ባለቤቴ በር ስትከፍት ያየችው ጃንጥላዬን ነው። «ጎጃም ዘነበ እንዴ?»

«አይ፤ ፀሐይ ወጣ» አልኳት። የተላጠ አፍንጫዬን አይታ ቫዝሊን ፍለጋ ገባች። ብርድና ፀሐይ አብረው እንደሚኖሩ ለመማር ጎጃም ድረስ መሄድ ነበረብኝ። አንድ ሰው መድኃኒት ሲሰጠው ቀኑ ከየት እንደሚጀምር መጠየቅ እንዳለብኝም እንዲሁ።

ከሳምንት በኋላ ጥሩወርቅ ደወለች። መላጡ ቆሟል፤ ጠላው ተጠንስሷል።

«ዛሬ ጃንጥላ ዘርግቶ ሊያበራይ ገባልህ» አለች። «በሬዎቹ ደንብረው አውድማውን ጥለው ጠፉ።»

«እሱስ?»

«እሱማ ጃንጥላውን እንደያዘ እያባረራቸው ነው።»