የሱፍ መፍተያው ውል

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰውን በቶሎ አያምኑም ነበር። የሱፍ መፍተያ ማሽን ሠርቼ አንድ ኩባንያ ስለ ማምረት ፈቃድ ከእኔ ጋር ሊዋዋል ወደ ከተማችን ሞላሌ ሲመጣ አጠገቤ ተቀመጡ። እንደ ልማዳቸውም ከሁሉ አስቀድመው፣ «ስትለያዩስ?» አሉ።

የኩባንያው ሰው ሳቀ። «አባባ፣ ገና ሳንጀምር?»

«ስትለያዩ የማሽኑ ንድፍ ለማን ይቀራል?»

ሰውየው መልሱን ትቶ ስለ ገበያው ማውራት ጀመረ። አጎቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ እኔም ሳልፈርም ተከተልኳቸው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰውየው ውሉን አስተካክሎ ተመለሰ። ጊዜው ሲያበቃ ንድፉ ለእኔ እንዲመለስ ተጽፏል። እሳቸው ግን አሁንም አላመኑም። «እስቲ ደግመሽ አንብቢው» አሉኝ።

ዛሬ ከሌላ ኩባንያ የመጣ ውል ፊቴ ተቀምጧል። አንድም የሚያሠጋ ቃል አላገኘሁበትም። የሚጠራጠሩልኝ አጎቴ ግን የሉም።