ከጥዱ ሥር አይቆፈርም

ከጎጃም በረንዳ ጀርባ ዛፍ አለ ብትሉ መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይስቅባችኋል። እዚያ ያለው ቆርቆሮ፣ ጆንያ፣ ጋሪና የተሸካሚ ጩኸት ነው። እኔ ግን የዕድሜዬን ግማሽ የኖርኩት ከአንድ ትልቅ የሐበሻ ጥድ አጠገብ ነው። ዛፉ የእኔ አልነበረም፤ ጥላው ግን ከሰዓት በኋላ አጥር ተሻግሮ እስከ ስፌት መኪናዬ ይመጣ ነበር። ባለቤቱ እትዬ ለተብርሃን ነበሩ፤ አፈሩ ይቅለላቸው።

እኔ ራህማ እባላለሁ፤ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ ነኝ። የእሳቸው ቤት ግን ካርታ ያለው የግል ቤት ነበር። መርካቶ ውስጥ የግል ቤት ያለው ሰው፣ ቤቱ ጭቃ ቢሆንም፣ ሰላምታው ሁለት እጥፍ ነው። ባለቤታቸው ጋሼ ጥጋቡ እህል በረንዳ ጤፍ ሲነግዱ የሠሩት ሦስት ክፍልና አንድ ጓሮ ነው። ጋሼ ጥጋቡ ካረፉ በኋላ እትዬ ለተብርሃን ከአንድ ልጃቸው ከአሸብር ጋር እዚያው ቀሩ።

ጓሮው ጉድ ነበር። መሀሉ ላይ ጥዱ ቆሟል፣ ዙሪያውን ጌሾ፣ ጤና አዳም፣ ኮክ፣ አንገቱ በተቆረጠ ጀሪካን የበቀለ ጎመን። የልብስ እጣቢ አይደፋም፤ ለጌሾው ይሄዳል። ጉልት ላይ ሲሸጥ ውሎ የጠወለገውን ቅጠል በጆንያ አሸክመው ያስመጣሉ፣ እህል በረንዳ የተጠረገውን ገለባ ይጨምሩበታል፣ ያበሰብሱታል።

«እትዬ፣ ሰው ቆሻሻ አውጥቶ ይጥላል፤ እርስዎ ከፍለው ያስገባሉ?» እላቸው ነበር።

«ዝም ብለሽ ጎመኑን ብዪ» ይሉኛል።

ጎመኑን እበላ ነበር። ጥሩ ጎመን ነበር።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኝ ነበር። በየቀኑ፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ከአጥሩ ማዶ ሲያወሩ እሰማቸዋለሁ። አሸብር ከሥራ አልገባም፣ እንግዳም የለም። በአገራቸው ቋንቋ በትግርኛ ነው የሚያወሩት፤ ቀስ ብለው፣ መልስ እየጠበቁ። «ከመይ ውዒልኪ ጓለይ» ይላሉ። ትርጉሙን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ «እንዴት ዋልሽ ልጄ» ማለት ነው፣ ለሴት። እሳቸው ግን ሴት ልጅ አልነበራቸውም። አንድ ጊዜ ጎን ያለችውን ክፍል ያከራዩዋቸው ባልና ሚስት ወሩን ሳይጨርሱ ዕቃቸውን ጫኑ። «ቤቱ ውስጥ የማይታይ ሰው አለ» አሉ። ሰፈሩ ወሬውን ተቀብሎ የራሱን ጨመረበት፤ ዛር ነው ያለ አለ፣ አድባር ታመልካለች ያለ አለ። እኔ በጂን አምናለሁ፤ ስለዚህ አልሳቅሁም። ቢስሚላህ ብዬ ሬዲዮ እከፍት ነበር።

ሚሊኒየሙ መጣ። አገር ሁሉ ችግኝ ችግኝ ሲል የእትዬ ለተብርሃን ጓሮ ተገኘ። ከክፍለ ከተማ ሎዛ የምትባል የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ መጣች፤ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቷ ነው፣ ትሑት ልጅ ነች። ጥዱን ስታይ አፏን ያዘች። «መርካቶ ውስጥ!» አለች። እትዬ ለተብርሃን ሞዴል ነዋሪ ተባሉ፣ በአዳራሽ አጨበጨቡላቸው። ሲጨበጨብላቸው መሬት መሬት እያዩ ነበር። እኔ ትሕትና መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ሎዛ የብስባሽ ጉድጓድ አሠራር ለሰፈሩ ሰው ላሳይ አለች። ሰዉ ተሰበሰበ፣ ወጣቶች ዶማና አካፋ ይዘው መጡ።

«የብስባሽ ጉድጓድ ጥላ ይወዳል» አለች ሎዛ፤ ጓሮውን ቃኘችና የጥዱን ሥር አሳየቻቸው። «እዚህ ጋ።»

አንዱ ጎረምሳ ዶማውን አነሳ። እትዬ ለተብርሃን በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት እንደደረሱ አላውቅም፤ ከዶማው ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

«እዚህ አይቆፈርም» አሉ።

«እትዬ፣ ዛፉን እኮ አንነካውም» አለች ሎዛ ደንግጣ።

«ዛፉን መች አልኩሽ? አፈሩን አትንኩ ነው የምልሽ!»

ድምፃቸው የእሳቸው አልመስል አለኝ። አሸብር በኀፍረት ቀላ፤ እናቱን ደግፎ ሊያነሳ ሲል እጁን መቱት። ሎዛ ብልህ ልጅ ነች፣ ይቅርታ ጠይቃ ጉድጓዱን ወደ ጥግ አዛወረችው። ጥጉ የእኔ አጥር ሥር ነው፤ ሽታው ለእኔ ደረሰኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሰፈሩ አድባሩን እውነት ነው ብሎ ደመደመ።

በሁለተኛው ዓመት ሌላ ወሬ መጣ፤ ይኼኛው ከጂን የባሰ ነበር። አካባቢው ሊለማ ነው፣ ፎቅ መሥራት ያልቻለ ይነሳል ተባለ። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ካሳ የሚከፈለው ለጭቃውና ለቆርቆሮው ነው። ካርታ ያለው ሁሉ እንቅልፍ አጣ። ትናንት ቤቴን አልሸጥም ብሎ ደላላ ያባረረ ዛሬ ደላላ ፍለጋ ይዞራል። አሸብርም ያኔ እጮኛ ነበረው፤ ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዕጣው አልወጣለትም። «ሳይቀድሙን እንሽጥና ዳር ወጥተን ንጹሕ ቤት እንግዛ፤ ጓሮም ይኖርሻል» ብሎ እናቱን ይወተውታል። እውነቱን ነው፤ ማንም በእሱ ቦታ ቢሆን ይኼንኑ ይል ነበር። እሳቸው እሺም እንቢም አይሉም።

ገዢው ተገኘ። ሀያቱ ይባላል፣ የብርድ ልብስ ጅምላ ነጋዴ ነው፣ የአገሬ ሰው፣ ቃሉን የሚጠብቅ። ጥሩ ዋጋ ሰጠ። አንድ ቀን ከሰዓት ቦታውን ሊያይ መጣ፤ ያገናኘኋቸው እኔ ስለሆንኩ እዚያ ነበርኩ።

«ከላይ ሱቅ፣ ከታች መጋዘን አደርገዋለሁ» አለ ጓሮው መሀል ቆሞ። «ምድር ቤት ይወጣለታል።»

«ምን ያህል ነው የምትቆፍረው፣ ልጄ?» አሉ እትዬ ለተብርሃን።

«ሁለት ሰው ቁመት ብናወርድ ነው። ግቢውን በሙሉ።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። ወደ ቤት ገቡ። ሀያቱ አዘነ። «ዛፉን ነው? ሲሄዱበት ሌላ እተክልላቸዋለሁ፣ በአላህ» አለኝ።

በማግስቱ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። አሸብር ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ እሳቸው ቆመዋል።

«ራህማ፣ ተቀመጪ። ብቻዬን ከሆንኩ አፌ ይያዛል። አንቺ ደግሞ በሃይማኖታችን የለሽበትም፤ አትፈርጂብኝም።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አሸብር፣ መንታ ነበርክ።»

አሸብር እኔን አየኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? መሬት አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነሱ ሥርዓት ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የሚነሱት። አሸብር በቀኑ ተነሳ፣ ድግሱ ተበላ፤ እህቱ ቀኗን መጠበቅ ነበረባት። በመሀል ታመመች። ጎረቤት «ቄስ ጥሩ፤ የታመመ ልጅ ቀን አይጠበቅለትም፣ ያጠምቁላችኋል» ብሎ መከረ። እትዬ ለተብርሃን ግን ቄስ ጠርቶ ያለ ቀን ማስጠመቅ ሞቷን መቀበል መሰላቸው። «አታሟርቱብኝ፣ ልጄ በሰማንያዋ በእልልታ ነው የምትነሳው» ብለው መካሪውን ከደጃቸው አባረሩ። ልጅቱ ሰማንያዋን አልደረሰችም።

«ሳትጠመቅ የሞተች አጸደ ቤተ ክርስቲያን አትገባም አለ አባትህ። ጠይቆም አይደለም፤ ሲባል ሰምቶ ነው። ሳይነጋ፣ ፋኖሱን እኔ ይዤለት፣ እዚያ ቀበርናት።» በእጃቸው ወደ ጥዱ አመለከቱ። «ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካልቻለች የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ወደ እሷ ይምጣ ብዬ፣ ከደጀ ሰላሙ ችግኙን ለምኜ አመጣሁ። አንድ ዛፍ ብቻውን ቢቆም ሰው ይጠይቃል ብዬ ነው ሌላውን የተከልኩት። እናንተ አረንጓዴ አላችሁት።»

«ለምን ሳትነግሪኝ?»

«የሞተ መንታ የቆመውን ይጠራል ይባላል። አንተንም እንዳትወስድብኝ ፈራሁ።»

አሸብር ወደ ጥዱ ዞረ። «ስሟ ማን ነበር?» አለ።

«ስሟን በሰማንያዋ ልናወጣ ነበር። ጓለይ ነው የምላት።»

የሴትዮዋ ነገር አንጀቴን በላው። ፈጣሪ ሕፃን ልጅ ላይ እንዲህ በር ይዘጋል ብዬ አላምንም። ግን የሰው ሃይማኖት ውስጥ ገብቼ ምን እላለሁ? ሆድ ይፍጀው አልኩ።

አሸብር የዋዛ ልጅ አይደለም፤ በሳምንቱ የንስሐ አባታቸውን አናግሮ መጣ። ካህኑ አልተቆጡም። «እግዚአብሔር መሐሪ ነው፤ አምጧት፣ ቦታ አይጠፋላትም» አሉት። ያንን ሲሰሙ እትዬ ለተብርሃን ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ፤ ያን ሁሉ ዘመን ደፍሮ የጠየቀ አልነበረም። መላው ተገኘ። ልጅቱ ወጥታ በክብር ታርፋለች፣ ቤቱ ይሸጣል፣ እናትም ከልጃቸው ጋር ወደ አዲሱ ቤት ይሄዳሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢውን ዘግተን ቆፈርን። አሸብር በአካፋ ጀመረ፣ ወዲያው አካፋውን ጣለና በእጁ ያዘው። እናቱ አዲስ ነጠላ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይጠብቃሉ። አፈሩ ጥቁር ነበር፣ ለስላሳ። ክንድ የሚያህል ሥር ተገኘ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ እንደ ፀጉር የቀጠነ ብዙ ሥር፣ አንድ ቦታ ላይ ተጠማዝዞ የተቋጠረ። አሸብር ሥሩን በጣቱ እየለየ ፈለገ። አጥንት የለም። ጨርቅ የለም። እስከ ደረቱ ወረደ፤ ምንም የለም።

«ቦታው ተሳስቶሽ ይሆን፣ እማዬ?»

«እኔ ነኝ እኮ ፋኖሱን የያዝኩት።»

ተነሱና ግንዱን በመዳፋቸው ነኩት። ከዚያ ቀስ ብለው ቀና አሉ፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣ ሰው ከርሞ የመጣ ልጁን እንደሚያይ አዩት።

«ሁለመናዋን ወስዷታል» አሉ። «አድጋለች።»

ነፋስ አልነበረም። እኔ በሕይወቴ እንደዚያን ሰዓት ፈርቼ አላውቅም። የፈራሁት ጂኑን አልነበረም፤ እሳቸው ልክ መሆናቸውን ነው። ጨቅላ ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ጥድ በምን ተጠቅልሎ ይወጣል? አሸብር ጉድጓዱ ውስጥ እንደቆመ አፈሩን በእጁ መመለስ ጀመረ።

ሀያቱ ሽማግሌ ይዞ ሊጨርስ ሲመጣ አሸብር በሩ ላይ ጠበቀው። «ጋሼ ሀያቱ፣ አንሸጥም» አለው። ዋጋ ጨመረ። «አንሸጥም።» ምክንያቱን አልነገረውም፤ ሀያቱም ተከፍቶ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ አካባቢው በጥናት ላይ ነው ተባለ፣ ገዢ ጠፋ። ግማሹን ዋጋ የሚሰጥ እንኳ አልመጣም። እጮኛው ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ሌላ አገባች። አሸብርን ጻድቅ አላደርገውም፤ አንዳንድ ቀን ጠጥቶ ሲገባ ዛፉን ሲሳደብ ሰምቼዋለሁ። ግን ሲነጋ፣ ሊወጣ ሲል፣ «ደህና ዋይ» ይላታል፤ በቁጣ ድምፅ፣ እህቱን እንደተኳረፈ ወንድም።

እትዬ ለተብርሃን በ2005 ታመሙ። ሞት አላስፈራቸውም፤ ያስፈራቸው ቀብሩ ነበር። «እዚሁ ቅበሩኝ» አሉ። ካህኑ እጃቸውን ይዘው፣ ክርስቲያን ጓሮ አይቀበርም፣ አይቻልም አሏቸው። እሳቸውም ያውቁታል።

«ያን ጊዜ እሷ እዚያ መግባት አልቻለችም» አሉኝ ካህኑ ሲወጡ። «አሁን እኔ እዚህ መቅረት አልቻልኩም። እንግዲህ ማን ያነጋግራታል፣ ራህማ?»

ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከልኩላቸው።

በቀብራቸው ቀን፣ አስከሬኑ ከመውጣቱ በፊት፣ አሸብር ዛፉ ላይ ወጥቶ አንድ ቅርንጫፍ ቆረጠ። ለማንም አልሰጠም፤ እንደ ጨቅላ ደረቱ ላይ አቅፎ እስከ መቃብሩ ሄደ። እኔም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ልቆም ብዬ ነበር፣ እግሬ እንቢ አለኝ፣ ተከተልኩ። ሳጥኑ ከወረደ በኋላ አሸብር ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደና ቅርንጫፉን ክዳኑ ላይ፣ በደረታቸው በኩል፣ አስተኛው። ካህኑ አዩት፤ ማዕጠንታቸውን ወደዚያ መለስ አድርገው አጠኑ።

ሎዛም መጥታ ነበር፣ ዓይኗ ቀልቷል። «ለአረንጓዴ ወዳድ ሰው እንዲህ ነው መሸኘት» አለችኝ። አዎ አልኳት። አፈር መላሾቹ አካፋቸውን አነሱ፤ አሸብር ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ፣ እስኪሸፈን ድረስ «ቀስ በሉ፣ ቀስ፣ እባካችሁ» ይላቸው ነበር።