ዲላ ላይ ዝም ያልንበት ቀን

የልጅ ልጄ አስቴር ትናንት ከቀበሌ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ከየወረዳው ከተመረጡ ወጣት ገበሬዎች ጋር አዋሳ ሄዳ የክልሉን ምክር ቤት አባላት ታነጋግራለች ይላል። ደስታዋ ለብቻው ነው። ጫማዋን ከአሁኑ አጥባ አጥር ላይ አስጥታለች። "አባባ፣ እዚያ ስገባ እንዴት ልሁን?" አለችኝ። እሷ ለጨዋታ ነው የጠየቀችው፤ እኔ ግን የቆረስኩትን ቆጮ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። እኔም በእሷ ዕድሜ ተመርጬ ሹማምንት ፊት ቀርቤአለሁ። በጣሊያን ጊዜ ነው። ስለዚያ ቀን ልጆቼ እንኳ ደህና አድርገው አያውቁም፤ በጠየቁኝ ቁጥር ወሬ እለውጥ ነበርና።

እውነቱን ለመናገር ጣሊያን ሲገባ በእኛ ሰፈር በኮንጋ ያለቀሰ ሰው አላየሁም። ገባርነት ቀረላችሁ ተባልን። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ለሌላ ሰው ሲገብር ኖሮ የሞተ ስለነበር፣ እናቴ ይህን ስትሰማ ደጅ ወጥታ እልል አለች። ዛሬ ሁሉም ሰው "አርበኛ ነበርኩ" ስለሚል ነው ይህን የምጽፈው። እኛ አልነበርንም። እልልታው ግን ዓመት እንኳ አልሞላው።

ቡናው መቅላት ሲጀምር መንገድ ቀያሾች ችካል እየተከሉ መጡ። ችካሉ የእናቴን የእንሰት ጓሮ መሃል ለመሃል ሰንጥቆ አለፈ። እንሰት ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ሊመስለው ይችላል። በቆሎ ዘንድሮ ቢጠፋ ለከርሞ ይዘራል። እንሰት ለመብል እስኪደርስ ግን ስንት ዓመት ይጠበቃል። ትልቁ፣ መካከለኛው፣ ጨቅላው በተራ በተራው ቆሞ ነው የሚያድገው፤ የትኛውን በየትኛው ዓመት እንደምንበላ እናቴ በጣቷ እየጠቆመች ትነግረን ነበር። ያ ጓሮ ከተቆረጠ እሷና ሁለቱ ታናናሽ እህቶቼ የሚበሉት የለም። ከታች፣ በወንዙ ዳር ደግሞ ማንም ምንም ያልተከለበት ሜዳ ነበር። መንገዱ በዚያ ቢዞር ማንንም አይጎዳም።

በዚያው ሰሞን ከዲላ ትእዛዝ መጣ። ጣሊያኑ ካፒቴን ስለ መንገዱ ምክር ቤት አደርጋለሁ፤ ከየመንደሩ ወጣት የገበሬ አለቆች ይምጡልኝ አለ። ሽማግሌ አልፈለገም። ሽማግሌ ነገር ያስረዝምብኛል ብሎ ይሆናል። ከእኛ ሰፈር ሦስት ተመረጥን። በራሶ ደፋር ስለሆነ፣ ሎኮ መልከ መልካም ስለሆነ፣ እኔ አማርኛ ስለማውቅ። አማርኛዬን ዲላ አንድ የጉራጌ ነጋዴ ዘንድ ቡና ስሸከም ነው የለቀምኩት።

ከመሄዳችን በፊት ሶንጎ ገባን። ሶንጎ የሽማግሎቻችን ሸንጎ የሚቀመጥበት ቤት ነው። የሁሉም ታላቅ የነበሩት ሽማግሌው ዋሬ መከሩን። "መንገዱን አልጠላንም በሉ። በወንዙ ዳር ይሂድልን በሉ። ሌላ ነገር አታብዙ። ደግሞ የምትገቡት ሰው ቤት ነውና እንዳታሰድቡን።"

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ኅዳር ቢሆንም ዝናቡ ገና አልለቀቀንም ነበር፤ ቀዩ ጭቃ እግራችንን እየያዘ አስቸገረን። እናቴ ቆጮና ጎመን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ሰጥታኝ ነበርና ጪጩ ስንደርስ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን በላን። ሎኮ ጅረት ባገኘ ቁጥር እግሩን ይታጠባል፤ ወዲያው ደግሞ ይጨቀያል። "ካፒቴኑ ሊያገባህ ነው እንዴ?" ይለዋል በራሶ። ያን ያህል የሳቅኩበት መንገድ ትዝ አይለኝም።

ዲላ ላይ ሳቁ ቀረ። ስብሰባው የቡና መጋዘን ውስጥ ነበር። በሩ ላይ አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ጥቁር ወታደር፣ በሰደፍ እየገፋ እግራችንን በጆንያ አስጠረገን። ከየመንደሩ የመጣነው ሁሉ ሲሚንቶ ላይ እንድንቀመጥ ተደረገ። ካፒቴኑ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ አፍንጫውን በመሐረብ ይዟል። ጎኑ ጸሐፊው አለ። ግራና ቀኝ የእኛው ባላባቶች አግዳሚ ላይ ተደርድረው፣ እሱ ባየ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ምክር ቤት የተባለው ይህ ነው። አስተርጓሚው ከሰሜን የመጣ ቀጭን ባንዳ ነበር፤ አማርኛው ያምራል፣ ምላሱ ግን መርዝ ነው።

ካፒቴኑ ረጅም ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው በአማርኛ አሳጠረው፤ እኔ ደግሞ ለጓደኞቼ በቋንቋችን በሹክሹክታ መለስኩላቸው።

"መንገዱ በተቀየሰበት ይሄዳል። እናንተ ወጣቶች ናችሁ፣ ሥልጣኔ ይገባችኋል ብሎ ነው የጠራችሁ። ይህን የሚቃወም ካለ አሁን ይነሳ።"

እዚህ ላይ የአገራችንን ወግ መናገር አለብኝ። በእኛ ሶንጎ አንድ ሰው ነገሩን በተናገረበት ዕለት ሌላው ተነስቶ "አይሆንም" ማለት ብልግና ነው። ሰሚው ዝም ይላል። ነገሩ አድሮ፣ ተመክሮበት፣ በሚቀጥለው መቀመጫ መልስ ይሰጣል። የተስማማ ሰው ወዲያው አፉን ሞልቶ "ይሁን" ይላል። ዝም ያለ ሰው ግን "ነገርህን አልተቀበልኩም፤ ተመልሼ እመጣለሁ" ማለቱ ነው። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ስለዚህ ዝም አልን። መጋዘኑ ሙሉ ጸጥ አለ። በራሶ ብቻ ጉልበቱን ሰብስቦ ሊነሳ ሲል የጋቢውን ጫፍ ያዝኩት።

"ተቀመጥ፣ አታሰድበን" አልኩት በጆሮው። "መልሱን ይዘን እንመለሳለን።"

"አሁኑኑ ልንገረው!"

"ተቀመጥ አልኩህ!"

ተቀመጠ። ለወጉ ብዬ ነው የያዝኩት፤ ሰደፉንም መፍራቴን ግን አልክድም። ጸሐፊው አንድ ነገር ጻፈ። ካፒቴኑ ፈገግ ብሎ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ሲጋራ አሳደለና ስብሰባው አለቀ።

እኛ ሞኞቹ ኩራታችን አይጣል! እምቢ ብለነው መውጣታችን ነው። ያን ያህል ሰው አንድም ቃል ሳይወጣው ሲቀር ካፒቴኑ አፍሯል ብለን ነበር። ሶንጎ ገብተን ስንናገር ሽማግሌው ዋሬ መረቁን። "ደግ አደረጋችሁ። ጨዋ ልጆች ናችሁ" አሉን። እናቴም ሰምታ ያን ቀን እንሰቷን ስትኮተኩት ዋለች።

ሽማግሎቹ መከሩ። በስምንተኛው ቀን መልሱን ይዘን ዲላ ተመለስን። አስተርጓሚው በር ላይ አገኘን።

"ደግሞ ምን ፈለጋችሁ?"

"መልሱን ይዘን መጣን" አልኩት።

"የምኑን መልስ?"

"ስለ መንገዱ የተጠየቅነውን። በወንዙ ዳር ይሂድልን ነው የምንለው።"

ትንሽ አፍጥጦ አየኝና ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! የሚቃወም ይነሳ ሲባል ማን ተነሳ? ሁሉም ተስማምቷል ተብሎ ተጽፏል። የአንተም ስም አለበት።"

"ዝም አልን እንጂ መቼ ተስማማን?"

"ዝም ያለማ ተስማማ!"

በራሶ ወደ እሱ ሲራመድ አስካሪው በሰደፍ ትከሻውን መታው። መሬት ላይ ወድቆ ያየው ግን እኔን ነበር። አስካሪውን አይደለም፣ አስተርጓሚውንም አይደለም። እኔን።

አስተርጓሚው ሳቁን ሲጨርስ "አማርኛ የምታውቀው አንተ ነህ አይደል?" አለኝ። "ካፒቴኑ በኮንጋ ልጆች ደስ ብሎታል። ካቦ ትሆናለህ። የሰፈርህን ሰው ሰብስበህ የተቀየሰውን ታስመነጥራለህ።"

ካቦ ማለት የሠራተኛ አለቃ ነው። እምቢ ያለ ምን እንደሚደርስበት አይተናል። ሰኞ ዕለት ከኋላዬ ሁለት አስካሪዎች ቆመው፣ ገጀራ ይዤ ወደ እናቴ ጓሮ ገባሁ። የመጀመሪያውን እንሰት እኔ ቆረጥኩ። እንሰት ሲቆረጥ ውሃ ይተፋል፤ ፊቴን አራሰው። ጎረቤት ሴቶች ተሯሩጠው ከደረሰው ላይ የቻሉትን ያህል ለቆጮ ፋቁ። ጨቅላው ግን ምኑ ይፋቃል? በመንገድ ሠሪዎቹ መኪና ጎማ ተረግጦ እዚያው በሰበሰ።

እናቴ አላለቀሰችም። አጠገቤ መጥታ፣ አስካሪዎቹ እየሰሙ፣ "አንተ ከተወለድክ ጀምሮ አፍህ ተዘግቶ አያውቅም ነበር" አለችኝ። "እዚያ ምን ነካህ?"

እህቶቼ በዚያው ወር ወደ ጨለለቅቱ፣ አጎታችን ዘንድ ተላኩ። ትንሿ እዚያው አድጋ፣ እዚያው አግብታ፣ እስክትሞት ድረስ ኮንጋን ቤቴ ብላ ሳትጠራ ቀረች። በራሶ ሰላምታ ነፈገኝ። ጣሊያን ከወጣ በኋላም ቢሆን ገበያ ላይ ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ነበር። ሰውዬው ቂመኛ ነበር ብዬ አልወቅሰውም። ጋቢውን የያዘ እጅ የእኔ ነው።

ያን ካፒቴን ዛሬም እጠላዋለሁ። አስተርጓሚውን የበለጠ እጠላዋለሁ፤ ካፒቴኑ ዝምታችንን ባያውቀው ባዕድ ነው፣ እሱ ግን ገበያችን ውስጥ ኖሮ፣ ቆጯችንን በልቶ፣ አውቆ ነው የሸጠን። አማርኛ ተናጋሪው "ዝም አይነቅዝም" ይላል። የእኛ ነቅዟል፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ለአስቴር ይህን ሁሉ ነገርኳት። "ልጄ፣ አድሮ ይመከርበታል ብለሽ እንዳትወጪ። ካልተዋጠልሽ ንግግሩን ሳይጨርስ ተነሺ። ባለጌ ይበሉሽ" አልኳት። ደንግጣ አየችኝ። ሁልጊዜ ታላቅ ሰው ሲናገር አታቋርጪ የምላት እኔው ነኝና። ዛሬ ማለዳ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደች።

አንድ ነገር ግን ደብቄአታለሁ። እናቴ በመጨረሻዋ ሰሞን ስትታመም አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ይቅርታ ልጠይቃት ፈለግሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ጠይቄአት አላውቅም። አፌን ከፍቼ ቃል አጣሁ። እሷ ዓይኗን ሳትገልጥ እጄን ያዘችና "ተወው፣ ዝም በል" አለችኝ። "እኔ እሰማሃለሁ።"

ይህን ለአስቴር ያልነገርኳት፣ ዝም ቢሉ የሚሰማ ሰው እንዳለ ካወቀች እዚያ ስትደርስ ልቧ ይከፈላል ብዬ ስለፈራሁ ነው። አዋሳ ላይ የሚጠብቋት እናቷ አይደሉም።