በስሜ የሠራችው ሴት

መዝገቡ ላይ «ከውጭ በገባ ልብስ ምክንያት ሥራዋን ያጣች» ተብላ የተጻፈችው እኔ ነኝ። ውሸት ነው። እኔ ፋብሪካው ውስጥ የቆየሁት አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ያውም ከተሰፋ ልብስ ላይ የተረፈ ክር ስቆርጥ እንጂ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ አላውቅም። የቀረውን አምስት ዓመት በስሜ የሠራችው ሌላ ሴት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸዋ ሮቢት ዳር፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ትንሽ ፋብሪካ ነበረ። እዚያ አንዷ ስትወልድ ወይም ስትታመም ቦታዋ እንዳይወሰድባት የምታምናትን ሴት ታስገባለች። የገባችው በባለቦታዋ ስም ትፈርማለች፣ በባለቦታዋ ስም ትጠራለች። ቦታ መጠበቅ እንለዋለን። ተቆጣጣሪዋ ታውቃለች፣ ባለቤቱም ያውቅ ነበር መሰለኝ፤ ልብሱ እስከተሰፋ ድረስ ማን ግድ አለው!

እኔም የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ አንዲት ሴት አስገባሁ። ከጀውሃ ወዲያ ካለ መንደር የምትመላለስ፣ ከባሏ ተፋታ ከእናቷ ጋር እዚያው በሰው ቤት ተጠግታ የምትኖር፣ በዕድሜ ትንሽ የምታንሰኝ ሴት ናት። ለስድስት ወር ነበር የተባባልነው። ልጁን ጡት ሳላስጥል ሁለተኛዋን አረገዝኩ። ከዚያ መናኸሪያው አጠገብ ፉልና እንቁላል የምሸጥበት ቁርስ ቤት ከፈትኩና መመለሱን ተውኩት። ቅጥር ቆሞ ስለነበር የእሷን ስም ማስገባት አልተቻለም። እንዲሁ በእኔ ስም እንደገባች ቀረች። ክር ቆራጭ ሆና ገብታ ኮሌታ ሰፊ ሆነች፤ ለዚያውም ተቆጣጣሪዋ ሌሎቹን «የእሷን እያያችሁ ስፉ» የምትልላት።

በኋላ ከውጭ ተሰፍቶ የሚመጣ ልብስ ገበያውን ሞላው። ያለቀለት ሸሚዝ ፋብሪካው ጨርቁን ከሚገዛበት ዋጋ በታች ይሸጣል። ወላጅ ምን ያድርግ? እኔ ራሴ ለልጆቼ የገዛሁት ከዚያው ነው፤ ልዋሽ እንዴ? ባለቤቱ አንድ ቀን ሠራተኛውን ግቢ ውስጥ ሰብስቦ «ከዚህ በላይ አልቻልኩም» አለ፤ በዚያው ተዘጋ።

ወራት አልፈው በከተማው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። መንግሥት ለተፈናቀሉት ድጋፍ ሊሰጥ ነው፤ ስሙ በፋብሪካው መዝገብ ያለና የሙያ ምዘና ያለፈ ሰው አንድ የስፌት መኪናና የመሥሪያ ሼድ ያገኛል። እሷ ላብ በላብ ሆና ቁርስ ቤቴ ገባች።

«እትዬ፣ ስምዎ ወጥቷል!»

«ያንቺ ነው እንጂ የእኔ ምኑ ነው? ሂጂና ተመዝገቢ።»

«ሄጄ ነው የመጣሁት። ፎቶ ያለበት መታወቂያ አምጪ አሉኝ። ወላሂ ኮሌታ እቀይራለሁ እንጂ ፊት እንዴት እቀይራለሁ?»

ሳቅን። ከዚያ ተማከርን፤ እኔ ልመዝገብ፣ እኔ ልመዘን፣ መኪናው ሲሰጠኝ ለእሷ ላስረክብ። «መኪናውን ካገኘሁ እናቴን ይዤ ከሰው ቤት እወጣለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ባሌ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሲሰማ «በስምሽ ከወጣ ያንቺ ነው» አለኝ። ለሁለት ቀን የእኔም ልብ ሸፈተ። ቁርስ ቤቱ ጥግ ላይ መኪናውን አስቀምጬ፣ ደንበኛ ሲጠፋ ሱሪ ሳሳጥር ታየኝ። በሦስተኛው ቀን እሷን ሳያት አፈርኩና በማርያም ምዬ ነገሩን ከልቤ አወጣሁት።

ችግሩ እኔ መስፋት አለመቻሌ ነው። ገበያው ውስጥ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ፣ የአባቷ ወዳጅ ነበር፣ ለዐስር ሶላት ሲነሣ መኪናውን ይለቅልናል። ያቺ ለስላሳ ሴት መኪና አጠገብ ስትቆም ሌላ ፍጥረት ናት። «እትዬ፣ እግርዎን ቀስ! ጨርቁን አይጎትቱት፣ ራሱ ይሄዳል!» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ግንፍል ባይ ነኝ። «አቦ ተዪኝ፣ ሽሮ ማማሰል መሰለሽ እንዴ!» ብዬ ጥዬ ተነሥቼ አውቃለሁ። እጄን ይዛ መልሳ ታስቀምጠኛለች። በሳምንቱ መጨረሻ ኮሌታ የሚመስል ነገር መስፋት ቻልኩ፤ የሚያጠልቀው ሰው አንገቱ ጠማማ መሆን ነበረበት እንጂ።

የምዘናው ቀን አዳራሹ በሰው ታፍኗል፤ ማራገቢያው ሙቀቱን ከማዞር በቀር ጥቅም የለውም። እሷ ከውጭ መስኮቱ ሥር ቆማለች። የድሮዋ ተቆጣጣሪ ስም እንድትጠራ ተደርጋ ከመዛኙ ጎን ተቀምጣለች። የእኔን ስም ጠራች።

«አቤት!» አለች እሷ ከመስኮቱ ሥር።

አምስት ዓመት የለመደ አፍ ምን ይደረግ! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መዛኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው፤ ቀና አለ። «ሁለት ናችሁ እንዴ?» አለ።

«ሞክሼዋ ናት» አለች ተቆጣጣሪዋ፣ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ። ሰውየው ፈገግ ብሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። እኔም ተቀመጥኩ።

ጨርቁን አስገባሁ። እግሬ ፔዳሉን አጥብቆ ረገጠ፣ መኪናው ጮኸ፣ መርፌው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከኋላዬ አንዷ ሳቋ አመለጣት። አፈርኩ፤ ፊቴ እሳት ሆነ።

«አይደንግጡ እህቴ» አለ መዛኙ። «ብዙዎቹ ይደነግጣሉ። ሌላ መርፌ አምጡላቸው። አምስት ስድስት ዓመት መሥራትዎን መዝገቡ ይናገራል።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ አልፌ ነበር። እሷም በመስኮቱ በኩል መዳፏን ወደ ታች እያደረገች ቀስ፣ ቀስ ትለኛለች። እኔ ግን የሳቁ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። ብድግ አልኩ። «መዝገቡ ውሸት ነው!» አልኩ። «የሠራችው ያቺ ናት። እኔ ክር ቆራጭ ነበርኩ!» ቦታ መጠበቁን፣ መታወቂያውን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

እውነት ለመናገር በዚያች ደቂቃ ቀለለኝ። ጀግና የሆንኩ መሰለኝ። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ምነው ባልነገሩኝ» አለ። እኔ አልሠራሁም ብያለሁና ተሰረዝኩ። እሷ መዝገብ ላይ የለችምና አትመዘንም። ተቆጣጣሪዋ ለመነችው፣ ሴቶቹ መሰከሩላት፤ እሱም አዘነ፣ ግን ሰው ሁሉ ውሸት መሆኑን ከሰማ በኋላ እንዴት ልፈርም አለ። መኪናው ተጠባባቂ ለነበረች ለሌላ ሠራተኛ ሆነ።

ውጭ አንድ የኒም ዛፍ ሥር አገኘኋት። አላለቀሰችም። «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው፣ እውነቱን የተናገርኩት» አልኳት።

«ለእኔ?» አለች። እትዬ ማለቱን ትታዋለች። «መርፌ መስበርሽን ማን ተቆጣሽ? ሰውየው ሌላ አምጡላት ብሎልሻል። አንቺ አፈርሽ፤ ከሀፍረትሽ ለመገላገል የእኔን መኪና ሰጠሽ።»

ነጠላዋን አስተካክላ፣ የጀውሃ ሚኒባስ ወደሚቆምበት ሄደች። ልከተላት አንድ ሁለት እርምጃ ተራመድኩና ቆምኩ። እውነቷን ነው።