የደግሰው ወርች

ሸጌ ደግሰው የሥጋ መፍጫዋን የምታዞረው በግራ እጇ ነው። ቀኝ ትከሻዋ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከተመለሰች ወዲህ እንደ ልብ አይነሳላትም። መፍጫው ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር በብሎን የሚታሰር የብረት ዕቃ ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ሥራ ይዛ ከመጣችው ሁሉ ከባዱም እሱ ነው።

እዚያ የምታበስለው ጥርስ ለሌላቸው አንዲት አሮጊት ነበር። የበግ ሥጋ ትፈጭና አንድ ቀን ከባቄላና ከሚያቃጥል በርበሬ ጋር ትቀቅለዋለች፤ አንድ ቀን ወጥ ታደርገዋለች፤ ለልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ጠፍጥፋ ትጠብስና በዳቦ መሀል አድርጋ በርገር ትሠራላቸዋለች። አሮጊቷ ሲሞቱ ሥራው አለቀ። ሸጌ ሰቆጣ ስትገባ አባቷ ከተቀበሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እናቷ ቀድመው ሞተዋል፤ ወንድምም እኅትም የላትም። የቀረላት ባለሁለት ክፍል ቤትና አባቷ በሚካኤል ማኅበር የነበራቸው ቦታ ነው።

ማኅበርተኞቹ ቦታውን ለሌላ አልሰጡትም። ዘንድሮ የኅዳር ሚካኤልን እሷ እንድትደግስ ተራ ሰጧት። በዚህ ማኅበር በግ በሚታረድበት ቀን፣ ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ መሪ ከተቀቀለው ሥጋ አንድ አንድ ብልት እያነሳ የባለድርሻውን ስም ይጠራል። የተጠራው «አለሁ» ብሎ ተነሥቶ ይቀበላል፤ ድርሻውንም ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል። ፍርምባው የሙሴው የአያ ካሤ ነው፤ ጎድኑ የይሄይስ፤ ቀኝ ወርቹ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአባቷ የደግሰው ነበር። ደግሰው ከሞቱ ወዲህ ግን ስማቸው አይጠራም፤ ወርቹ በቤተ ክርስቲያኑ በር ለተቀመጠ ነዳይ ይሰጣል። ዘንድሮ ስሙ ከተጠራና ሸጌ «አለሁ» ካለች ማኅበርተኛ ትሆናለች። ካልተጠራ ደግሳ ያበላች አንዲት ከስደት ተመላሽ ናት።

ሐሙስ ጠዋት ይሄይስ መጥቶ በጉን አረደ። በየብልቱ አውጥቶ ሰቀለላትና ሄደ።

ሸጌ ብልቶቹን ቆማ ተመለከተቻቸው። አባቷ በስልክ ያሏት ትዝ አላት። «ወርቹንማ አመጣዋለሁ። ጥርስ የለኝም፤ በድንጋይ ወቅጬ ነው የምበላው» ብለዋት ነበር። ከማኅበርተኞቹ መካከል ጥርስ የቀረለት ከሦስት ሰው አይበልጥም። እናም ሥጋውን ከአጥንቱ ለይታ ሁሉንም ፈጨችው። ድርሻው በሳሕን ተደርጎ የሚጠራ መስሏት ነበር። ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላልታ፣ በርበሬና ቅቤ ጨምራ፣ አብሽ ነስንሳ ምንቸት አብሽ ሠራች። አጥንቱን ለመረቅ በሌላ ድስት ቀቀለችው።

ከሰዓት በኋላ ዐሥራ አንዱም ማኅበርተኞች መጡ። ጸሎት ተደረሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ሸጌ አንድ ትልቅ ድስት ይዛ ገባች። አያ ካሤ ጭልፋውን ተቀብለው ድስቱን አንዴ አማሰሉት። እንደገናም አማሰሉት።

«ልጄ፣ ብልቱ የት አለ?»

«ፈጭቼዋለሁ፣ አያ ካሤ። እንዳያስቸግራችሁ ብዬ ነው።»

«ፍርምባውንም?»

«ሁሉንም።»

ይሄይስ ከተቀመጠበት ተነሣ። «እኔ በየብልቱ አውጥቼ ነው የሰጠኋት! ሚካኤል ያውቃል!»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለች ጎረቤቷ ምስራቅ። «ይልቅ አያ ካሤ ምን ብለው ይጥሩ? የይሄይስ አንድ ጭልፋ፣ የካሤ ሁለት ጭልፋ?»

ተሳቀ። አያ ካሤ አልሳቁም። አጠገባቸው ወዳለው ሽማግሌ ዘንበል ብለው በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ «አገሯን ረስታለች» አሉ። ኽምጣንጋውንም የረሳች መስሏቸው ነበር። ሸጌ እያንዳንዱን ቃል ሰምታለች። ጭልፋውን ተቀብላ ለሁሉም እኩል እኩል ጨለፈችላቸው።

በሉ። በፍጥነት በሉ። አያ ካሤ የሳሕኑን ጠርዝ በእንጀራ ጠርገው ሁለተኛ አስጨመሩ፤ ያንንም ጨረሱ። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡና ምርቃት ሊጀምሩ ተነሡ። ከምርቃት በኋላ ጥሪ የለም።

ሸጌ በሩ ሥር ቆማለች። «አያ ካሤ፣ አልጠሩም እኮ» አለች።

«ምን ይዤ ልጥራ? እጄ ላይ የሌለውን አልጠራም።»

«አጥንቱ አለ።»

ወደ ማድቤት ሄዳ ሁለተኛውን ድስት አመጣች። አጥንቱ ነጭ ሆኖ፣ ሥጋ አልባ፣ መረቁ ውስጥ ተኝቷል። ምስራቅ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አያ ካሤ ጎንበስ ብለው ተመለከቱት።

«ይሄይስ፣ ያወጣኸው አንተ ነህ» አሉ። «የቱ የቱ እንደሆነ ታውቃለህ። ና።»

ይሄይስ ድስቱ አጠገብ ተንበርክኮ አጥንቶቹን እየለየ ያቀብላቸው ጀመር። አያ ካሤ የደረቱን አጥንት ከፍ አድርገው የራሳቸውን ስም ጠሩና ራሳቸው «አለሁ» አሉ። የይሄይስ ጎድን ተጠራ። ሌሎቹም ተጠሩ። እያንዳንዱ የተጋጠ የሚመስል አጥንቱን ተቀብሎ በኩታው ጫፍ ጠቀለለው።

«ውሻዬ ይመርቅሻል፣ ሸጌ» አለች ምስራቅ።

ቀጥሎ ይሄይስ ሰፊ የትከሻ አጥንት ከነቅልጥሙ አነሣ። አያ ካሤ ተቀበሉት። ከፍ አደረጉት።

«የደግሰው ወርች» አሉ።

«አለሁ» አለች ሸጌ። ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ ዘረጋች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ሄዱ። ሸጌ መፍጫውን ፈታ በፈላ ውሃ አጠበችው። ወርቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አባቷ በዚህ ቀን ገና ከደጅ «ወርቼን ይዤ መጣሁ» ይሉ ነበር፤ እናቷም ሳሕን ይዘው ይወጡ ነበር። ሸጌ በሩን አየችው፤ ክፍት ነበር። ሄዳ ዘጋችው።

ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ከድስቱ ሥር የቀረውን ምንቸት አብሽ ጠራርጋ አወጣችና ከአጥንቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ በላችው። ነገ ዓርብ ነው፤ ማሳደር አይቻልም።